ማግና ናይለን

«ወፍራሙን ክር ይዞ ቢሆን ይኼ ሁሉ ባልመጣ ነበር» አለ አንድ ሰው ከድንኳኑ ውስጥ።

«ኧረ ወፍራሙ ነው ጉድ የሠራው! ቀጭን ቢሆን ይበጠስና ይገላግለው ነበር።»

«እናንተ ደግሞ ቀጭን ወፍራም ትላላችሁ። መጀመሪያ የክሩ ዓይነት ይታወቅ እንጂ! ናይለን ነው ወይስ ሲባጎ?»

ወለተኪዳን ፍራሹ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ይህን ሁሉ ትሰማለች። ባሏ መምህር ተክለጻድቅ ከተቀበረ ገና ማግስቱ ነው። የእድሩን ድንኳን ልክ ከመስኮቷ ሥር ስለተከሉት ወንዶቹ የሚሉት አንድም አያመልጣት። ሌላ ጊዜ ቢሆን መስኮቱን ከፍታ «ከመካከላችሁ መንጠቆ ይዞ የሚያውቅ ማነው?» ባለች ነበር። አገራቸው ዘመሮ ደጋ ናት። የደጋን ሰው ስለ በግና ስለ ገብስ ይጠይቁት እንጂ ዓሣ ምኑ ነው? አብዛኞቹ ዓሣ ያዩት ዮናስን ሲውጥ ነው፤ እሱንም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ። ተክለጻድቅ በሕይወት ሳለ «የክር ዕብድ» እያሉ ሲስቁበት ኖረው፣ ሲሞት ሁሉም የክር ሊቅ ሆኖ ቁጭ አለ።

«እግዜር ያጽናሽ» አለች አዲስ የገባች ሴት ትከሻዋን ይዛ።

«አሜን።»

«ውሃ ነው አሉ?»

«ውሃ ነው።»

«እንዴት ሆኖ?»

 ወለተኪዳን መልሱን ብታውቀው ኖሮ መጀመሪያ ለራሷ በነገረችው። ከወንጭት ወንዝ ቆላ በቃሬዛ ተሸክመው ያመጡት ሰዎች «ውሃ ወሰደው» ብቻ ብለው አንገታቸውን ደፉ። አብሮት የነበረው ባለ ወፍጮው መርስዔ ኃዘን በቀብሩ ዕለት ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ነበር። አጠገቧ ሲደርስ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ያየ የለም።

«መርስዔ ኃዘን!» አለች ጎረቤቷ ሸዋረጋ ወደ አዲሷ ሴት ጆሮ ተጠግታ። ሹክሹክታዋ እስከ ጓዳ ይሰማል። «ስሙ እንኳ ኃዘን የሚያስረሳ ማለት ነው። እሱ ግን ኃዘኑን እዚህ ቤት አራግፎ ጠፋ።»

«ምን አድርጎ ይሆን?»

«እንጃ። ምንም ያላደረገ ሰው ይደበቃል?»

«ሸዋረጋ» አለች ወለተኪዳን ዓይኗን ሳታነሣ። «የምትንሾካሾኪ ከሆነ ቀስ ብለሽ ተንሾካሾኪ።»

ልጇ አርሴማ ከጓዳ ንፍሮ ይዛ መጣች። ደብረ ብርሃን መንግሥት ቤት የምትሠራ፣ እንደ አባቷ ረጅም፣ እንደ አባቷ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ የምትጠይቅ ናት። «እማዬ፣ ትንሽ ቅመሺ። ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመስሽም። ትንሽ ብቻ። አትቀምሺም?» ወለተኪዳን ዝም ለማሰኘት አንድ ፍሬ ሽምብራ አነሣችና አፏ ውስጥ ስታንከባልል ቆየች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሟቹ ታላቅ ወንድም ኃይለመስቀል ከድንኳኑ ገቡ። ከመንዝ ቀየት በኩል በፈረስ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ሦስት ጎረምሳ ልጆቻቸውን አስከትለዋል። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላቸው።

«ወለተኪዳን፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ሰውዬና ወንድሜ ተጣልተው ነበር?»

«ሁልጊዜ ይጣሉ ነበር።»

«በምን?»

«በክር።»

ኃይለመስቀል ዓይናቸውን አጠበቡ። «በመሬት አይደለም?»

«በክር፣ ጋሼ። ቀጭን ይሻላል፣ ወፍራም ይሻላል እያሉ።»

«ሁለት የሸመገሉ ሰዎች በክር አይጣሉም። ከኋላው ሌላ ነገር አለ።»

«ምንም የለም።»

«አንቺ አርፈሽ አልቅሺ። ነገሩን እኛ ወንዶቹ እንይዘዋለን። የወንድሜ ደም ሜዳ ላይ አይቀርም።»

ብለው ወጡ። ወለተኪዳን የልጆቻቸውን ዱላ በመስኮቱ አየች፤ ጉልበታቸው ላይ አጋድመውት ተቀምጠዋል። መንዝ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ዱላ የት እንደሚያደርስ የማያውቅ የለም። አርፋ እንድታለቅስ ታዝዛለች፤ እንባ ግን አልመጣላትም። ይህም ለሴቶቹ አንድ ወሬ ሆኖላቸው ነበር። ንዴት ደረቷን ሞልቶት ለእንባ የሚሆን ቦታ እንደጠፋ ለማን ትናገር? ንዴቷ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ በሟቹ ላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ተክለጻድቅ ጡረታ በወጣ ዓመት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው። በመጨረሻው የሥራ ቀን ቤት ደርሶ ኮቱን ሲያወልቅ ኪሱ ውስጥ ቁራጭ ጠመኔ አገኘና እሷን ሊመልስ ትምህርት ቤት ድረስ ተመልሶ ሄደ። «ቁራጭ እኮ ናት!» ብትለው «የእኔ አይደለችማ» አላት። እንዲህ ያለ ሰው ሥራ ሲፈታ ለሚስቱ መከራ ነው። የሽንኩርቷን መደብ በገመድ ለክቶ አቃናው። የዶሮዎቹን ቆጥ አፍርሶ እንደገና ሠራው። ከዚያ የሚያቃናው ሲያጣ እሷን ወጥ እንዴት እንደሚማሰል ማሳየት ጀመረ።

በዚያው ሰሞን የመርስዔ ኃዘን ወፍጮ ተሰብሮ ዕቃ እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ ነበር። ሁለቱ ሥራ ፈቶች ወንጭት ዳር ወዳለ ጠበል አብረው ወረዱ። ሲመለሱ ስለ ጠበሉ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። አንድ የቆላ ሰው ከወንዙ ዓሣ ሲያወጣ አይተው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቤቷ የክር ቤት ሆነ። መጀመሪያ ሲባጎ መጣ፤ ሲባጎ ውሃ ጠጥቶ ይወፍራል፣ ዓሣው አይቶ ይሸሻል ተባለ። የልብስ ስፌት ክር መጣ፤ እሱ ደግሞ ገና ሳብ ሲያደርጉት ተበጠሰ። አርሴማ ከደብረ ብርሃን ናይለን ላከች፤ አንዱ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ አንዱ እንደ ክራር ጅማት የወፈረ። ተክለጻድቅ ከአልጋው እግር እስከ በሩ መቀርቀሪያ ወጥሮ በጣቱ እየነካካ ሲያዳምጠው ይውላል። እንግዳ ይሰናከልበታል።

«ይኼኛው ይለጠጣል። ሲለጠጥ ዓሣው ሲነክስ እጄ ላይ አይሰማኝም። ያኛው አይለጠጥም፤ ግን ቋጠሮ ያፈተልካል። ምን ትያለሽ?»

«የምለውማ ብላ ነው። ወጡ ቀዘቀዘ።»

አንድ ቀን ጥንካሬውን ልሞክር ብሎ ዘነዘናዋን ከጣራው ማገር ላይ አንጠለጠለ። ክሩ ዘነዘናውን ይዞ ይዞ፣ አመሻሹ ላይ ለቀቀው፤ ያረፈውም የጠላ ጋኗ ላይ ነው። እየጮኸች ብትደርስ፣ ተክለጻድቅ በፈሰሰው ጠላ መሐል ቆሞ የተበጠሰውን ጫፍ ወደ ብርሃን ይዞ ይመረምራል። «አየሽ፣ የተበጠሰው ከቋጠሮው ላይ ነው» አላት፤ ደስ ብሎት።

ዓሣውስ? ሁለት ሦስት ጊዜ ቀረሶ የሚሉትን ዓሣ አምጥቷል። ጎረቤት «አጥንቱ ያንቃል» እያለ አልቀመሰላቸውም። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ነበር ዳገቱን የሚወጡት፤ እየተጨቃጨቁ ስለሚመጡ ገና ከሩቅ ይታወቃሉ። መርስዔ ኃዘን «ክር ማለት የማይበጠስ ነው» ባይ ነው። ተክለጻድቅ «ክር አንዳንዴ መበጠስ አለበት» ባይ።

በሠልስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳኑ ሞላ። ከጓሳ በኩል ሳይቀር የቀድሞ ተማሪዎቹ መጡ፤ የደከሙ፣ አቧራ የለበሱ፣ አንዳንዶቹ የእሷን ያህል የሸበቱ። የነፍስ አባታቸው አባ ፍቅረ ሥላሴ ጸሎት አደረሱ። ሁሉም መጣ፤ መርስዔ ኃዘን ብቻ አልመጣም። ሚስቱ ሌማቷን ተሸክማ ለብቻዋ ገባች። «ገና ሳይነጋ ወጣ፤ የት እንደሆነ አልነገረኝም» ብላ አቀርቅራ ተቀመጠች።

«ሠልስቱንም ቀረ!» አለ አንድ ድምፅ ከድንኳኑ። «ሸሽቷል ማለት ነው።»

«ክሩን የገዛው እሱ ነው አሉ።»

«ጠላት ለጠላቱ እንዲህ ዓይነት ክር አይገዛም።»

ወለተኪዳን ጥርሷን ነከሰች። ክሩን የገዛው እሱ አልነበረም። ማን እንደገዛውና ለምን እንደገዛው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ካቻምና ነው። ተክለጻድቅ ከወንጭት ሲመለስ ራት አልፈልግም አለ። መሐረቡን ፈትቶ የተጠቀለለ ናይለን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ክሩ ላይ ፀጉርና የደረቀ ደም ነበረበት። ወንዙ ዳር የምትኖር አንዲት ሴት ፍየሏ ስታነክስ አይታ ብትይዛት፣ እግሯ ላይ የተጠመጠመ ነገር ቆዳውን አልፎ አጥንት ደርሷል። «ይኼን የሰይጣን ጅማት የጣለብኝ ማነው!» እያለች ስትራገም ተክለጻድቅ ደረሰ። ፍየሏን ጭኑ ላይ አስተኝቶ በምላጭ ፈታላት። ቋጠሮውን ሲያየው የራሱ ቋጠሮ ነው።

«ነገርካት?» አለችው ወለተኪዳን።

«ነገርኳት።»

«ምን ያስለፈልፍሃል?»

«የእኔ ነዋ።»

ፍየሏ አልዳነችም። በምትኳ ከበረታቸው የከበደች በግ ነድቶ ወረደ። የመንዝ በግ ቆላ የት ይበረክታል? በሙቀቱ ሞተች። ሌላ ፍየል ፈልጎ እስኪተካላት ድረስ እንቅልፍ አልነበረውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ናይለን ቤቱ አልገባም። «አይበሰብስም እኮ፣ ወለቴ። እኔ ሞቼ፣ አንቺ ሞተሽ፣ እሱ እዚያ ቁጥቋጦ ላይ ሆኖ የሚያንቀውን ይጠብቃል።» ጥጥ ግን ይበሰብሳል። ጥጥ ደግሞ የት አለ? እሷ እንዝርት ላይ።

መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏት ነበር የፈተለችለት። ማጓን ሦስት አድርጎ ይገምደውና በጧፍ ሰም ያሸዋል። የመጀመሪያዋን ትልቅ ቀረሶ ያወጣው በዚያ ክር ነው፤ «በሚስቴ ማግ ነው የያዝኳት» እያለ ለመንገደኛው ሁሉ አሳይቷታል። ግን የጥጥ ክር በየድንጋዩ ሥር ይቀራል። ዛሬ ክንድ፣ ነገ ሁለት ክንድ። እሷ ትፈትላለች፣ ወንጭት ይበላል። ዘንድሮ መስቀል ካለፈ በኋላ ለአርሴማ ጋቢ አቅጥና የፈተለችውን ልቃቂት ብታነሣው ቀለላት። ግማሹ የለም።

«ትንሽ ነው የወሰድኩት» አላት።

«የሰው ጠመኔ የማትነካ ሰው፣ የእኔን ልቃቂት ትነካለህ?»

ተክለጻድቅ ፊቱ ተለዋወጠ። አፍሮ ነበር፤ እሷ ግን ገና አልጨረሰችም። «ናይለንህን ግዛ! እንደ ሰው ሱቅ ሄደህ፣ የማይበጠሰውን ግዛና እኔንም ማጌንም ተወን!»

ሄዶ ገዛ። ከሁሉ ጠንካራውን፣ አረንጓዴውን። ማታ እንጨት ላይ ሲጠቀልለው «እንግዲያው አንድ ስንዝር እንኳ እዚያ አልተውም» አለ፤ ለእሷ ይሁን ለራሱ እንጃ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ተኝታ ነበር።

መርስዔ ኃዘን የመጣው በሠልስቱ ማግስት፣ ከቀትር በኋላ ነው። መምጣቱን ያወቀችው ድንኳኑ በአንዴ ጸጥ ሲል ነው።

«ነፍስ ይማር» አለ ድምፁ።

 ከዚያ የኃይለመስቀል ድምፅ መጣ። «ተቀመጥ ያለህ የለም።»

«ቆሜም ይሆናል።»

አንዱ ደግ ሰው፣ «ንፍሮ አቅርቡለት» ሲል ተሰማ። «ይቅርብኝ» አለ መርስዔ ኃዘን። ድንኳኑ ተንጫጫ። የለቅሶ ቤት ንፍሮ አልቀምስም አለ! እጁን እንኳ ከጋቢው አላወጣም! ይኼ ሰው ጤና ነው?

«አባ» አሉ ኃይለመስቀል። «መስቀሉን ያውጡልኝ። እጁን መስቀሉ ላይ ጭኖ ይማልልኝ። ወንድምህን አልገደልኩም ይበለኝ። ካላለ እኔ የማደርገውን አውቃለሁ።»

አግዳሚ ወንበር ሲጢጥ ሲል፣ ዱላ መሬት ሲመታ ተሰማ። ወለተኪዳን ተነሣች። ሴቶቹ ከግራ ከቀኝ ያዟት። «ኧረ ተቀመጪ! ኃዘንተኛ ከፍራሹ አይነሣም!»

«ልቀቁኝ!»

ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ወንዶቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ጥቅምት ነው፤ ነፋሱ ሸራውን ያርገበግበዋል። ከኃይለመስቀል ልጆች አንደኛው ቆሟል። መርስዔ ኃዘን ምሰሶው ሥር፣ ከስቶና ጠቁሮ፣ ጋቢው ውስጥ ተጠቅልሎ ቆሟል።

«በቃ!» አለች። «ስለ ክር ስሰማ ጆሮዬ ደነቆረ። እናንተ ሁላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቀጭን ነው፣ ወፍራም ነው፣ ጠላት ነው የገዛው። የሞተብኝ እኔ ነኝ፤ ለእኔ ግን ማንም የነገረኝ የለም። አሁን ሁላችሁም ዝም በሉና እሱ ይናገር።»

«ወለተኪዳን፣ ይኼ የወንዶች...»

«ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

ኃይለመስቀል በሕይወታቸው ከሴት አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም። ከመገረማቸው የተነሣ ተቀመጡ። አባ ፍቅረ ሥላሴ የእጅ መስቀላቸውን አወጡ፤ ምን እንደሚያደርጉበት ሳይወስኑ ወደ መርስዔ ኃዘን ዘረጉት።  መርስዔ ኃዘን ሁለቱን እጆቹን ከጋቢው ሥር አወጣ።

በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። ጨርቁ ላይ ደም ደርቋል፤ የሚታዩት ጣቶቹ አብጠው እንደ ቀንድ ጎብጠዋል። መስቀሉ ላይ ሊጭናቸው ሞከረ፤ መዳፉ አልዘረጋ አለው። አባ ፍቅረ ሥላሴ እጃቸውን ሰብስበው መስቀሉን ግንባሩ ላይ አደረጉለት።

«ተናገር ልጄ» አሉት።

«መንጠቆው ማዶ ካለ ድንጋይ ሥር ያዘ» አለ መርስዔ ኃዘን። የሚያየው ወለተኪዳንን ብቻ ነበር። «ሳብን፤ እምቢ አለ። ክሩ ጠንካራ ነው፣ አይበጠስ። ቢላዬን አውጥቼ ቁረጠውና እንሂድ አልኩት።»

«እሱስ?»

«ትቼው አልሄድም አለ። 'ፍየል አለ' አለኝ።»

ወለተኪዳን ዓይኗን ጨፈነች።

«ክሩን ወገቡ ላይ አሰረና የተጠቀለለበትን እንጨት ለእኔ ሰጠኝ። እየለቀቅህ ስጠኝ አለ። ውሃው ከጉልበት አይበልጥም ነበር፣ እትዬ። እውነቴን ነው። ድንጋዩ ጋ ደርሶ ጎንበስ አለ፤ መንጠቆውንም አላቀቀው። ከፍ አድርጎ አሳየኝ። እየሳቀ ነበር። ከዚያ የቆመበት ድንጋይ ተገለበጠ።»

መርስዔ ኃዘን የተጠቀለሉ እጆቹን ወደ ደረቱ ሰበሰበ።

«ጥልቁ ውስጥ ገባ። ክሩን ያዝኩት። ናይለኑ እጄን እየበላ ይገባል፤ አለቀቅኩትም። እሱም አልተበጠሰ። እየሳብኩ አናግረው ነበር። አይዞህ፣ ደረስክ፣ ያንን ቁጥቋጦ ያዝ እለዋለሁ። ዳር ሳወጣው ራሱን ድንጋይ መቶታል። ስለፈልፍ የነበረው ለሬሳ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች ወለተኪዳን። ድምፅዋ የቁጣ ነበር። «ለምን ተደበቅህ?»

«ምን ብዬ? እንደ ዓሣ ጎትቼ አወጣሁት ልበል? ለሚስቱ?»

ኃይለመስቀል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሠልስቱንስ... የት ዋልክ?»

«ወንጭት። እሱን ዳገት ለማውጣት ስንጣደፍ ክሩን ቆርጬ ጥዬው ነበር። ግማሹ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹ ቁጥቋጦ ላይ። እሱ አልተወውም ብሎ ነው የሞተው፤ እኔ ትቼው እንዴት ልተኛ? በክንዴ እየጠቀለልኩ፣ በጥርሴ እየፈታሁ ለቀምኩት። አልቋል። አንድም የቀረ የለም።» በአገጩ ወደ ኮቱ ኪስ ጠቆመ። አርሴማ ቀርባ እጇን ሰደደችና አረንጓዴውን ጥቅል አወጣች። ጭቃና የደረቀ ቅጠል ተጠላልፎበታል።

ወለተኪዳን ጥቅሉን አየችው። «የማይበጠሰውን ግዛ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች።

አርሴማ «እማዬ...» ብላ እጇን ልትይዛት ስትል ነጠቀቻት።

«እኔ ነኝ ያልኩት። በማጌ ሄዶ ቢሆን ሳብ ሲያደርገው ይበጠስ ነበር። ባዶ እጁን እያጉረመረመ ቤቱ ይገባ ነበር።»

«በማጉ ሄዶ ውሃ ቢወስደው ደግሞ» አለ መርስዔ ኃዘን «ወንጭት ለጀማ፣ ጀማ ለዓባይ ይሰጠው ነበር። የሚቀበር አናገኝም ነበር።»

«አታጽናናኝ!»

«እያጽናናሁዎት አይደለም። የሆነውን እየነገርኩዎት ነው።»

እሷም የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ የሆነውን የሚነግራት። ሲነገራት ግን የምትይዘው ጠፋት። ናይለኑ ገደለው፤ ናይለኑ መለሰላት። የቱን ትርገም? ለባሏ መቃብር ያስገኘችለት እሷ ናት ወይስ መቃብሩን የቆፈረችው? ተክለጻድቅ ቢኖር ይህን ጥያቄ ይዞ ስንት ራት ያቀዘቅዝ ነበር።

«እንግዲያው ናይለን ይሻላል ማለት ነዋ» አለ ከኋላ አንድ ቀስ ያለ ድምፅ።

«ለማውጣት እንጂ ለማጥመድማ...»

«ዝም በሉ እናንተ!» ብለው ጮኹ ኃይለመስቀል። ከዚያ ተነሡ። የቆመውን ልጃቸውን ትከሻ ተጭነው አስቀመጡት፤ ዱላውንም ወስደው ወንበሩ ሥር በእግራቸው ገፉት። የራሳቸውን ቦታ በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው «ተቀመጥ» አሉት መርስዔ ኃዘንን።  ወንድማቸውን ያወጣውን እጅ ሊነኩት ፈልገው፣ የት ጋ እንደሚነኩት ግራ ሲገባቸው፣ ክርኑን ነክተው ተቀመጡ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርድ ጀመር። ወለተኪዳን ስታያቸው ቀናችባቸው።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ መርስዔ ኃዘን ሊሄድ ተነሣ። እሷ ወደ ፍራሿ ተመልሳ ነበር፤ በመስኮቱ ጋቢው በነፋስ ሲገለጥና በክርኑ ሊመልሰው ሲታገል አየችው። አንዴ፣ ሁለቴ ሞከረ። ኮቱ እስከ ታች ተከፍቶ ሸሚዙን ነፋሱ ይጫወትበታል። የሚረዳው ሰው የለም፤ ወንዶቹ መሬት መሬት እያዩ ነው።

«ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ» ብላ ተነሣች።

«ደግሞ ወዴት ነው?» አለች ሸዋረጋ ደንግጣ። «ለቅሶ ደራሽ አይሸኝም! ነውር ነው!»

«እንግዲያው ነውር ይሁን።»

አጥሩ በር ላይ ደረሰችበት። ዞር ብሎ ሲያያት ይቅርታ ሊጠይቅ ይመስል አፉን ከፈተ።

«ኮትህን ለምን አልቆለፍክም? በዚህ ብርድ?»

«እጄ...»

«ሚስትህ የለችም? አፍ የለህም? ቆልፉልኝ አይባልም? ሁለታችሁም አንድ ናችሁ። ቀና በል!»

ቀና አለ። ከታች ጀመረች። ጣቶቿ በብርዱ ደንዝዘው የመጀመሪያው ቁልፍ አልገባ አላት፤ ቀዳዳውን እየረገመች አስገባችው። ሁለተኛውን ቆለፈች። ሦስተኛውን። እሱ እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ እንደ ሕፃን ቆሟል። ከቤት ሴቶቹ፣ ከድንኳኑ ወንዶቹ እያዩ ነው። የመጨረሻውን፣ አንገቱ ሥር ያለውን ቆልፋ ኮሌታውን በሁለት እጇ አቃናችው።

«ሂድ በል፤ መሸብህ» አለችው።

ኮሌታውን ግን አልለቀቀችም።